ጎማ የበላው ማን ነው?

ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ከግቢ ስንወጣ አንድ የሚያናድዳቸው ጠባይ አለኝ። መንገድ ዳር የቆመ የጭነት መኪና ካየሁ ሳልነካው አላልፍም። ጎንበስ እልና መዳፌን በጎማው ጥርስ ላይ አሳርፌ መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ከቀኝ ወደ ግራ እደባብሰዋለሁ። አንድ ቀን አንዱ ሾፌር «ምን ፈልገህ ነው አንተ?» ብሎ መፍቻ እንደያዘ ወርዶብኛል። ጓደኞቼማ «ይኼ ልጅ ጎማ እንደ ጥጃ ያሻሻል» እያሉ መሳቂያ አድርገውኛል። እኔም ምክንያቱን ከመናገር አብሬ መሳቅ ይቀለኝ ነበር። አሁን ግን የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ከራስህ ሕይወት አንድ ነገር ጻፍ» ብለው ሲወተውቱኝ ብዕር ይዤ ብቀመጥ ሌላ ነገር አልመጣ አለኝ። ስለ ፍቅር የሚጽፍ መቼም ከኛ መሐል አይጠፋም። እኔ ስለ ጎማ ልጻፍ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና መጀመሪያ ስወስድ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። እንደገና እስክፈተን ድረስ እቤት ተቀምጬ የእናቴን ዓይን ከማይ ብዬ ነቀምቴ ላይ በአንድ ባለ ተሳቢ መኪና ረዳትነት ገባሁ። ነቀምቴን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አራት መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ምሥራቁ በሲሬና በባኮ አድርጎ ወደ አምቦና አዲስ አበባ ይወስዳል፤ ምዕራቡ የደዴሳን ቆላ ተሻግሮ ወደ ጊምቢ፤ ደቡቡ ወደ በደሌና ጅማ፤ ሰሜኑ በአንገር ጉቲን አልፎ አባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ። ጎብኚ ሲመጣ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት የት ነው ብሎ ይጠይቃል። ሾፌር ሲመጣ የሚጠይቀው ግን ጎሚስታ ነው። የኛ ሥራ ቡና ነበር። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ ዛሬም «ለቀምት» እየተባለ ነው የሚሸጠው፤ ይኸውም ነቀምቴ ማለት ነው። ከጊምቢ ወዲያ ካሉ መጋዘኖች እየጫንን አዲስ አበባ እናራግፋለን፤ ስንመለስ ደግሞ ሲሚንቶም ይሁን ቆርቆሮ ያገኘነውን እንጭናለን።

ረዳት ማለት ምን እንደሆነ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው አያውቅም። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚወርደው ረዳት ነው። ታኮ ይዞ ይሮጥና ከጎማው ሥር ይወትፋል። ሾፌሩ ምሳ ሲበላ ረዳቱ መጀመሪያ በፌሮ እያንዳንዱን ጎማ መታ መታ እያደረገ ይዞራል። ነፋስ የሞላው ጎማ «ድም» ይላል፤ የተነፈሰው «ጧ» ብሎ ዝም ይላል። ተሳቢያችን ሦስት አክስል ነበረው። ፊተኛው ከመጎቻው ዘንግ ጋር አብሮ የሚዞር ነው። ከኋላ የተከታተሉት ሁለቱ ግን አይዞሩም፤ ባሌስትራቸው ላይ ተጠፍረው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። በያንዳንዱ አክስል ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ጎማ አለ፤ ለተሳቢው ብቻ 12 ጎማ ማለት ነው። ያንን ሁሉ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መደብደብ የኔ ሥራ ነበር።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጎሚስታ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ቡሎን፣ ታኮ፣ ሁሉም ጣሊያን ናቸው። ፋሺስት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሩን ሲይዝ መንገድ ሲያሠራና ካሚዮን ሲያመላልስ የገቡ ቃላት፣ እሱ ሲወጣ ጋራዥ ውስጥ ተደብቀው የቀሩ ይመስለኛል። ከመሐላቸው የኛ የሆነው አንዱ «ተሳቢ» ነው። ይኼን ቃል ሰዋስው ትምህርት ላይ ታውቁታላችሁ። ባለቤት ድርጊቱን ይፈጽማል፣ ተሳቢ ይቀበላል። እኛም ጋ ባለቤት ነበር፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ ድርጊት የሚፈጽም። ሾፌሩና እኔ የትኛው ክፍል እንደሆንን መምህራችሁን ጠይቁ።

ሾፌሩን ጋሼ ነበር የምለው። ሃምሳ የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ ደዴሳን ስንወርድ ማንም እንዳያናግረው። ሁለተኛው፣ እሱ በሌለበት መሪ እንዳልነካ። በተረፈ ከራሱ ሳህን ያጎርሰኛል፣ ብርድ ሲሆን ጋቢውን ይሰጠኛል። አንዳንድ ጊዜም ሜዳ ላይ ከጎኔ ተቀምጦ መኪናውን ትንሽ ያስነዳኛል። ያን ቀን ጌታ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ባለቤቱ ለኋለኞቹ ሁለት አክስሎች ስምንት አዲስ ጎማ ገዝቶ አስገጠመ። ጥር አልፎ የካቲት ሲጋመስ ግን ጎማዎቹ በአንድ በኩል ተልጠው አየናቸው። የመጨረሻው አክስል የባሰ ነበር፤ በአንድ ትከሻ በኩል ጥርሱ ጠፍቶ ልሙጥ ሆኗል። ጋሼ ፎቶ አንስቶ ላከለት። ባለቤቱ ወዲያው ደወለ። ጋሼ እየነዳ ስለነበር ስልኩን ከፍቼ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቃል በቃል ሰምቻለሁ። «ጎማ የበላው ማን ነው?» አለ።

አማርኛ አንዳንዴ ይጨክናል። ጎማ በላ ማለት ጎማው አለቀ ማለት ነው። ሰው በላ ማለት ደግሞ ሰረቀ ማለት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ አዲስ ጎማ አውልቆ ሸጦ፣ ያለቀ ገዝቶ መግጠም የታወቀ ሌብነት ነው። ባለቤቱ የጠረጠረውም ይኼንኑ ነበር። «አዲስ ጎማ በሁለት ወር እንዲህ አይሆንም፤ እኔን ልጅ አታድርጉኝ» አለ። ጋሼ የጎማዎቹን ቁጥር አንብቦለት ከደረሰኙ ጋር እንዲያመሳክር ለመነው። ቁጥሩ ገጠመ። ሰውየው ግን ሐሳቡን ብቻ ለወጠ፤ «ካልሰረቃችሁ አበላሽታችኋል» አለና የአራቱ ጎማ ዋጋ ከጋሼ ደመወዝ እንደሚቆረጥ ነገረው። ጋሼ አልተከራከረም። እስከ ሲሬ ድረስ ቃል አልወጣውም። ሲሬ ስንደርስ ሻይ አዝዞ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። ሃያ ምናምን ዓመት ነድቶ ሌባ ሲባል የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ፍለጋ ተጀመረ። መጀመሪያ የተጠረጠርኩት እኔ ነኝ፤ ነፋስ ሳትሞላ ቀርተህ ነው ተባልኩ። አንድ ጎሚስታ ለካው፤ ልክ ነው። ሌላው «ነፋስ አብዝታችኋል» አለ። ሦስተኛው «ጭነት ወደ አንድ ወገን ትከምራላችሁ» አለ። ጆንያውን የምንደረድረው እኛ ስለሆንን ይኼም ልክ እንዳልሆነ እናውቃለን። ሦስቱም ጎማውን ቆመው አይተው ነበር የተናገሩት። ማንም አልዳሰሰውም።

በመጨረሻ ነቀምቴ፣ ከከተማው ወደ ጊምቢ መውጫ በኩል ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ሄድን። የቤታቸው ምልክት አጥር ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ ጎማ ነው። እንደ ደረስን ጋሼ ታሪኩን መዘርገፍ ሲጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። «ቆይ፤ እሱ ይንገረኝ» አሉ፤ ጎማውን ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ኮቱ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ና ልጄ ማለት ነው። ምን እንዳዩብኝ አላውቅም፤ ያን ቀን ከሌላው ሁሉ ለኔ ነው ያስተማሩኝ።

ጎማ ሲያልቅ ዝም ብሎ አያልቅም፤ አበላሉ ይለያያል። መሐሉ ብቻ ካለቀ ነፋስ በዝቶበታል፤ ሆዱ ተነፍቶ በሆዱ ብቻ ነው የሚሄደው። ሁለቱ ትከሻ አልቆ መሐሉ ከቀረ ነፋስ አንሶታል፤ መሐሉ ጎብጦ ሸክሙ ትከሻዎቹ ላይ ይወድቃል። አንድ ቦታ ብቻ ተልጦ ጠፍጣፋ ከሆነ ፍሬን ነክሶ ይዞት፣ ሳይሽከረከር ተጎትቷል። ዙሪያውን ጎድጎድ ጎድጎድ ካለ እየነጠረ ነው፤ ኩሽኔታው ላልቶ ወይም ቸርኬው ጠሞ ሊሆን ይችላል። ከጥንዱ አንዱ ብቻ ካለቀ ሁለቱ አቻ አይደሉም። አንድ ላይ ስለታሰሩ እኩል ይዞራሉ፣ ግን አንዱ በነፋስ ወይም በቁመት ካነሰ የሌላውን ያህል መሄድ ስለማይችል እየተንሸራተተ ይፋቃል። ይኼን ሁሉ ሲነግሩኝ በየግቢያቸው የወዳደቀውን አሮጌ ጎማ እያሳዩ ነው። ለእያንዳንዱ በሽታ አንድ ሬሳ ነበራቸው።

የኛን ግን ከነዚህ ከአንዱም ጋር አላመሳሰሉትም። መዳፌን ይዘው በመጨረሻው አክስል በግራ ጎማ ጥርስ ላይ አሳረፉት። «ወደ ውጭ ሳበው» አሉ። እጄ እንደ ሐር አለፈ። «ወደ ውስጥ መልሰው።» ያዘኝ። የጥርሱ ጠርዝ እንደ መጋዝ ስል ነበር። በዓይን ግን ምንም አይታይም። ከዚያ ወደ ቀኙ ጎማ ወሰዱኝ። እዚያ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ፤ ወደ መኪናው ሆድ ስስበው ለስላሳ ነው፣ ወደ ውጭ ስመልሰው ይቧጥጣል። «ታዲያ ግራና ቀኙ ተለያዩ» አልኩ፣ ገባኝ ብዬ። ሳቁ። «እንደ ሰው አስብ እንጂ እንደ ጎማ አታስብ። መኪናው ኋላ ቁምና ሁለቱም ወደየት እንደሚለሰልሱ በአንድ አቅጣጫ ንገረኝ።» ኋላ ቆሜ ሳስበው ሁለቱም ወደ ግራ ይለሰልሳሉ፣ ወደ ቀኝ ይቧጥጣሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አክስሉ መሐሉ ላይ ጎብጦ ቢሆን ኖሮ ግራና ቀኙ ጎማ እንደ መስተዋት ትይዩ ይሆኑ ነበር፤ ሁለቱም ወደ ውስጥ ወይም ሁለቱም ወደ ውጭ ይቧጥጣሉ። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ሲቧጥጡ ግን አክስሉ ራሱ ቀጥ እንዳለ፣ ከቦታው ግን እንደተንሸራተተ ያመለክታል፤ አንዱ ጫፉ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ሽማግሌው ይኼን ካሉ በኋላ ከፊቱ ያለውን አክስል ዳስስ አሉኝ። ዳሰስኩ። እሱም ይቧጥጣል፤ ግን በተቃራኒው! «አየህ፣ ይኼኛው ጤነኛ ነው» አሉ። «ጎረቤቱ ወደ አንድ ወገን ሲስብ ይኼ ቀጥ ብሎ ልሂድ ይላል። ሁለቱም ከአንድ ሻሲ ጋር ታስረዋል፤ መላቀቅ አይችሉም። ስለዚህ ጤነኛውም ከበሽተኛው ጋር ይበላል።»

ሲባጎ አመጡ። በቀኝ በኩል ከአንዱ አክስል መሐል እስከ ሁለተኛው አክስል መሐል ለክተው ቋጠሩት። በግራ በኩል ያንኑ ሲባጎ ሲወጥሩት አንድ አውራ ጣት ያህል አጠረ። ከሁለቱ የትኛው እንደተንሸራተተ ለማወቅ ደግሞ ከፊተኛው አክስል መዞሪያ መሐል ላይ ተነሥተው ወደ እያንዳንዱ ጫፍ ለኩ። መሐለኛው ግራና ቀኙ እኩል ነው። የመጨረሻው በግራ በኩል ወደ ኋላ ሄዷል።

አንድ አውራ ጣት! ባለፈው ሴሚስተር አንድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሒሳቡን ሠራሁት። አውራ ጣቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ በግራና በቀኝ ጎማዎች መሐል ያለውን ሁለት ሜትር እንበል። አክስሉ ከመቶ አንድ ጠሟል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አሥር ሜትር ወደ ጎን ለመሄድ ይፈልጋል። ሁለቱ አክስሎች ግማሽ ግማሹን ቢካፈሉት እንኳ እያንዳንዱ በኪሎ ሜትር አምስት ሜትር ወደ ጎን ይጎተታል። ከነቀምቴ አዲስ አበባ በ330 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,650 ሜትር መሆኑ ነው። ተሳቢው ቡና ተሸክሞ ጎማዎቹ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚያህል መንገድ ወደ ጎን ተፍቀዋል፤ ደርሶ መልስ ደግሞ እጥፍ ነው። ሁለት ወር ሙሉ! እንዴት አይበላ?

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ከተሳቢው ሥር ገብተው በጣታቸው ባሌስትራውን ተከትለው ሄዱና ግራው ቸርኬ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ጎበጥ ያለ ቦታ ነበር፤ ውስጡ ነጭ ነገር ገብቶ ደርቋል። በጥፍራቸው ፋቁት። «ሲሚንቶ» አሉ። «ይኼን ጎማ ያጋጨው ማን ነው?»

ጋሼ «ኧረ እኔ አላጋጨሁም» አለ። ሽማግሌው ነጩን ዱቄት በጣታቸው አሳዩት። «እናቴ ትሙት አላጋጨሁም!» ብሎ ማለ። እናቱ በሕይወት እንዳሉ፣ በየወሩም ገንዘብ እንደሚልክላቸው አውቅ ነበር። ሽማግሌው ከሱ ላይ ዓይናቸውን አንስተው ወደኔ አዩ። አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም።

ጓደኞቼ፣ እስካሁን ያልነገርኳችሁን አሁን ልንገራችሁ። ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጎማዎቹ በተገጠሙ በሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ ከጊምቢ ወጣ ብሎ ካለ አንድ የቡና መጋዘን ፊት ሌሊቱን ተሰልፈን አደርን። ጎህ ሲቀድ ጋሼ እንቅልፍ ጣለው፤ ሁለት ሌሊት አልተኛም ነበር። ተራችን ሲደርስ ዘበኛው «ሳብ! ሳብ! ካልሆነ የኋላው ይግባ!» እያለ ጮኸ። መቀስቀስ ነበረብኝ። አልቀሰቀስኩትም። ለሱ አዝኜ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን መሪውን ፈልጌ ነው። በሩ ጠባብ ነው፣ ወደ ግራ ይታጠፋል። መኪናው በደንብ ገባ። ተሳቢ ግን ሲታጠፍ ሁልጊዜ ከመኪናው ይልቅ ወደ ውስጥ እንደሚቆርጥ፣ መጨረሻው ጎማም ከሁሉ የባሰ እንደሚቆርጥ ያኔ በእጄ አላወቅሁትም ነበር። ግራው የኋላ ጎማ የቦዩን ድልድይ የሲሚንቶ ጠርዝ መታ። መኪናው ጎተተ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁና ጎማው ተሻገረ። ጋሼ ጋቢና ውስጥ ተገላበጠ እንጂ አልነቃም። ወርጄ በባትሪ አየሁት። ጎማው አልፈነዳም፣ ነፋሱም አልወጣም። በፌሮ መታሁት፤ «ድም» አለ። ድም ካለ ሰላም ነው ብዬ ጨረስኩት። ጋሼ ሲነቃ «ማን አስገባው?» አለኝ። «ዘበኛው ሌላ ሾፌር ጠርቶ» አልኩት። አመነኝ።

ሽማግሌው ተሳቢውን በክሪክ አንስተው ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የያዙትን ቡሎኖች ፈቱ። ቅጠሎቹን መሐል ለመሐል ወግቶ የሚያስረው፣ አክስሉ ወደፊትም ወደኋላም እንዳይሄድ የሚጠብቀው አንድ ቡሎን አለ። እሱ ለሁለት ተቆርጦ ወጣ። መዳፋቸው ላይ አድርገው በፀሐይ አሳዩን። ስብራቱ ሁለት መልክ ነበረው። ግማሹ ጠቁሮ ዘይት ጠጥቶ አሮጌ ቁስል ይመስላል፤ ግማሹ ቀላ ያለ አዲስ ዝገት ነው። «ይኼ ጥቁሩ ከቆየ ተሰንጥቋል» አሉ። «አቃፊዎቹ ላልተው ሲወዛወዝ ኖሯል። ይኼ ቀዩ ግን በአንድ ቀን የሄደ ነው።» ጋሼ ለባለቤቱ ባሌስትራው ይታሰርልኝ ብሎ ከጥቅምት ጀምሮ ነግሮታል፤ ሰውየው «ቡናው ይለፍ» ብሎ ነበር። ያ ጥቁሩ ግማሽ የማን እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። ቀዩን ያወቅነው ግን ሽማግሌውና እኔ ብቻ ነበርን። ያንን ቡሎን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እኔ ባልመታውም አንድ ቀን መቆረጡ አይቀርም ነበር ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬአለሁ። ይሆናል። ግን የካቲት ላይ አይሆንም ነበር፤ ጋሼም በእናቱ አይምልም ነበር።

አዲስ ቡሎን ገባ። አክስሉ በሰንሰለት ተስቦ ሲባጎው ግራና ቀኝ እኩል እስኪሆን ተመለሰ። አቃፊዎቹ ጠበቁ። ሽማግሌው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ከሄድን በኋላ እንደገና እንድናጠብቃቸው አዘዙን። ስንሰናበት እጄን ጨብጠው ትንሽ አቆዩት። ያኔም አልተናገሩም።

ባኮ ላይ ወርደን ቡሎኖቹን አጠበቅን። መፍቻው ላይ በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ ነበር የማጠብቀው። ጋሼ ባትሪ ያበራልኛል። «ይኸው ተገኘ» አለ፣ ደስ ብሎት። «ለሰውየው ቡሎኑን ወስጄ አሳየዋለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ነግሬው የለ?» ቡሎኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከቶታል። ያን ጊዜ ባለቤቱም እንደኛው ግማሹን ቀይ አይቶ «ማን አጋጨው?» እንደሚለው፣ ጋሼም እንደገና እንደሚምል ታየኝ። መፍቻውን ለቅቄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። ባትሪውን አጠፋው። ጨለማ ውስጥ ቆመን የሌላ መኪና መብራት መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ አልተናገረም። ከዚያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «በእናቴ ስምል ቆመህ ሰማህ?» አዎ አልኩ። «ታኮውን አንሳ» አለኝና ገብቶ ሞተር አስነሣ። ጌዶን አልፈን፣ ጉደርን አልፈን፣ አምቦ እስክንገባ ፀጥ ብለን ሄድን።

አዲስ አበባ ባለቤቱ ፊት ቡሎኑን ሲያወጣ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሰውየው አገላብጦ አየውና እንዳሰብኩት ጠየቀ። ጋሼ «እኔ ነኝ፤ ጊምቢ መጋዘን በር ላይ፣ እንቅልፍ ይዞኝ» አለ። ልናገር አፌን ስከፍት በዓይኑ ዘጋኝ። በኋላ ሲነግረኝ፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ ነዳ ከተባለ ሁለታችንም ሥራ የለንም፤ እሱ አጋጨ ከተባለ ግን የሁለት ጎማ ዋጋ ተከፍሎ ያልቃል። በክርክር ከአራቱ ሁለቱ በባለቤቱ ላይ ወደቁ፣ ለጥቁሩ ግማሽ። የቀዩ ግማሽ ዋጋ የጋሼን የሁለት ወር ደመወዝ በላ። ከኔ አበል ልስጥህ ብለው ተቆጣኝ። «ለትምህርትህ አድርገው» አለኝ። መሪውን ግን ከዚያ ቀን በኋላ አላስነካኝም።

ሰኔ ላይ ተፈተንኩ። በክረምቱ ውጤቴ ሲመጣ ልነግረው ፈልጌ መኪናው ነቀምቴ መግባቱን ሰማሁና እየሮጥኩ ሄድኩ። እዚያው ሽማግሌው ግቢ ቆሟል። ዝናብ አባርቶ ቀዩ ጭቃ ይጨሳል። ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አለፍኩ አልኩት። «እሰይ» አለና ብርጭቆውን አስቀመጠ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆይቶ በአገጩ ወደ ተሳቢው አመለከተኝ። «ና እስቲ፣ ከመሄድህ በፊት ዳስሳት።»

እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ መጨረሻውን አክስል፣ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን። ወደ ውጭ ሳብኩት፤ ወደ ውስጥ መለስኩት።

«እህስ?» አለኝ።

«ልሙጥ ነው፣ ጋሼ።»

«በሁለቱም በኩል?»

«በሁለቱም።»

«የፊተኛውንም እየው» አለና ሻዩን አነሣ።